ፎቶ ያልተነሱት እጆችሽ

ውድ የልጄ እናት፣

«እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ቆመብኝ። አንቺ ያለሽበትን ቦታ ደኅንነት የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው። እኔ ደኅና ነኝ። ልጃችንም ደኅና ናት፤ ባለፈው ሳምንት ግን ለአንድ ቀን ያህል አባትና ልጅነታችን ያከተመ መስሎኝ ነበር። የምጽፍልሽ ይህንን ልነግርሽ ነው። ከሱም ጋር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አፌ ላይ እያደረስኩ የዋጥኩትን አንድ ነገር።

ዛሬም እዚያው ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት፣ የውኃ ቧንቧው ከራሴ በላይ በሚያልፍበት ክፍል። ወስፌዬ፣ ክሬ፣ የሙጫ ጣሳዬ፣ አንቺ ከአሮጌ አንሶላ የሰፋሽልኝ ሽርጥ፣ ሁሉም አለ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሰው የምሁራኑን መጽሐፍ ስጠርዝ ትስቂብኝ ነበር። «አንተ የማታነበውን ታለብሳለህ፣ እኔ የማልተኛበትን አጥባለሁ፤ ምን ያለን ግጥምጥሞሽ ነን!» ትይኝ ነበር። አሁን የሚስቅብኝ የለም። አንዳንዴ ራሴ እለዋለሁ፤ አያስቅም።

ልጃችን የሁለተኛ ዲግሪዋን መመረቂያ ጽሑፍ የሠራችው በእናንተ ላይ ነው። በሆስፒታል ልብስ አጣቢዎች እጅ ላይ። በረኪናው፣ ሙቅ ውኃውና የእንፋሎት መተኮሻው በዓመታት ውስጥ እጅን ምን እንደሚያደርገው። ሠላሳ ሰባት ሴቶችን አነጋገረች። ሠላሳ ሰባቱም ተናገሩ፤ ሠላሳ ሰባቱም ፎቶ አንነሳም አሉ። አለቃው እጃችንን ከለየው በማግሥቱ ከሥራ ውጭ ነን ብለው ነው፤ እውነታቸውን ነው። ጽሑፉ ሰኞ ሲቀርብ ግን የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ራሱ መጥቶ ሊሰማ ቃል ገብቶ ነበር። ስለ ጥሩ ጓንትና ስለ እጅ ሕክምና ውሳኔ ቢሰጥ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነበር። አንቺ የለመንሽው ጓንት።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ወረቀቱን በሁለት ካርቶን አቅፋ ገባች። አምስት ቅጂ፣ ለፈታኞቹና ለአስተዳዳሪው።

«አባዬ፣ ነገ እስከ ስድስት ሰዓት መዝገብ ቤት ካልገባ ሰኞ አላቀርብም። የሚቀጥለው ዙር ከስድስት ወር በኋላ ነው።»

«ይደርሳል።»

«ደግሞ እንዳታነብ! አንተ ስታነብ ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል፤ ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ እጅህ ይቆማል።»

ስቄ ሸኘኋት። ልማዴን ታውቂዋለሽ፤ ከመስፋቴ በፊት ገጽ በገጽ እገልጣለሁ፤ የተገለበጠ እንዳይኖር፣ የጎደለ እንዳይኖር። ማንበብ አይደለም፣ መቁጠር ነው። ሰማንያ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ቆጠራው ጠፋኝ።

ሁለት እጆች፣ እርጥብ አንሶላ ላይ። ቆዳው እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ፣ ጥፍሩ የነጣ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር ተነሥቶ ወደ አንጓው የሚሄድ የቃጠሎ ጠባሳ፣ ልክ እንደ ጨረቃ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ምስል 14። ለሃያ ሁለት ዓመት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሠራች ሴት እጆች። ፎቶ፦ ከቤተሰብ ስብስብ።»

መጀመሪያ የተሰማኝን ልንገርሽ። ደስታ ነበር። ከየት አገኘችው? እያልኩ ጣቴን በሽርጤ ጠርጌ ነካሁት። ሦስት ዓመት ያልነካሁትን እጅሽን የነካሁ መሰለኝና ዓይኔ እንባ ሞላ።

ከዚያ ቀለበቱን አየሁ።

ወርቁ ጣት ላይ ያበራል። ያንቺ ቀለበት ደግሞ ጣትሽ ካበጠ ጊዜ ጀምሮ በክር አንገትሽ ላይ ነበር፤ እኔው ነኝ ክሩን በሰም የቀባሁልሽ፣ ከመጠረዣ ክሬ ቆርጬ። እንደገና አየሁት። ጠባሳው ግራ እጅ ላይ ነው። የቱ ላይ ነበር? የጠባሳሽ እጅ የቱ እንደሆነ ለማስታወስ በር ላይ አብረን የምንቆምበትን ጊዜ አሰብኩ፤ ከጎንሽ ሆኜ፣ አንቺ ቁልፉን ስታዞሪ። ቀኝሽ ነበር።

ይህ ያንቺ እጅ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ከወር በፊት ልጅቷ ራት ላይ ደብተሯን ይዛ ስትጠይቀኝ ነበር። እጇ ምን ይመስል ነበር? ጥፍሯስ? ጠባሳውስ የት ጋ ነበር? እኔም ደስ ብሎኝ፣ ስለ አንቺ የሚጠይቀኝ ተገኘ ብዬ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። «ግራ እጇ ላይ» አልኩ፣ ቅንጣት ሳልጠራጠር። ያን ሁሉ ዓመት ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቴ ነበርሽ። ያንቺ ቀኝ ለኔ በግራ በኩል ነው። እኔ ደግሞ ያየሁሽ ሁልጊዜ ከኔ ወንበር ነው። ስለ ቀለበቱ ግን ትንፍሽ አላልኩም። እሱን ሌላ ጨመረበት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሳ መጣች።

«አባዬ፣ ስንት ቀረህ?»

«ይህን ፎቶ ማን አነሳው?»

ቦርሳዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «አታንብ ብዬህ ነበር።»

«አላነበብኩም። አየሁ። ማን አነሳው?»

«ማንም። በኤአይ ነው የሠራሁት። አንተ የነገርከኝን ጻፍኩለት፣ እሱ ሠራው።»

«ከሥሩ ፎቶ ይላል። ከቤተሰብ ይላል።»

«ቃሉ ከቤተሰብ አይደል? ያንተ ቃል ነው።»

«እንዲህማ አትጫወቺብኝ።»

ከበሩ ጀርባ ያለውን ማስታወቂያ አሳየኋት። በየፎቁ እየዞርኩ ሙጫ ቀብቼ የለጠፍኩት እኔው ነኝ፤ አርባ ጊዜ ለጥፌው በቃሌ ይዤዋለሁ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ምስል በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ ፎቶ አለመሆኑ፣ የመሣሪያው ስም፣ ቀኑና የተሰጠው ትእዛዝ ይገለጽ ይላል።

«አባዬ፣ ስማኝ» አለች፤ ድምፅዋ ያንቺን መሰለ። «ሠላሳ ሰባት ሴት ተናገረች። ማን ይሰማታል? ሰውየው የሚያምነው በዓይኑ ያየውን ብቻ ነው። የአንዷን እጅ ባሳየው ያባርራታል። እናቴን ግን ማንም አያባርራትም። ይህ ውሸት ማንን ይጎዳል?»

«ሠላሳ ሰባቱን ይጎዳል። ሳሙና ሰኞ ትመጣለች።»

ሳሙና ስል ቀጥ አለች። ሳሙና እያላችሁ የምትጠሯትን ጓደኛሽን ታውቃታለች፤ ካንቺ ገንዳ አጠገብ አሥራ ስምንት ዓመት ቆማ ያጠበች ሴት ናት። ያንን ቀለበት ክር ላይ ስታይ የኖረች።

«ገና ስታየው ታውቃለች» አልኩ። «እሷ ደግሞ በሹክሹክታ መናገር አልፈጠረባትም። አንዷ ምስል ሐሰት ከሆነች ሰውየው ምን ይላል? ወሬውም ሁሉ እንዲሁ ነው ይልና ተነሥቶ ይሄዳል።»

«እንግዲያው እውነተኛውን አምጣልኝ!» ጮኸች። ልጃችን ጮኻብኝ አታውቅም። «አልበሙን ሦስት ጊዜ ፈተሽኩት። እኔ ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ አርባ አንድ ፎቶ አላት። በአንዱም እጇ የለም። ኪሷ ውስጥ፣ ቦርሳዋ ሥር፣ ከጀርባዬ። ለምንድን ነው አባዬ? ምን ሆና ነው?»

ወስፌውን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ዓይን አፋር ነበረች» አልኳት።

ታያለሽ? ልጄን ስለ ውሸት በምቆጣበት በዚያች ደቂቃ ዋሸኋት። ውሸቷን ለመሸፈን እሷ አንድ ገጽ ነው የፈጀችው፤ እኔ አንቺን ነው የፈጀሁሽ።

«ጠርዘው፣ አትጠርዘው፣ እንዳሻህ» ብላ ወጣች። ቤትም ስንገናኝ ራታችንን የበላነው ማንኪያችን ብቻ እያወራ ነው።

ጠዋት ለጸሎት ተንበረከክኩ። ቃሉ ከአፌ ይወጣል፤ እኔ ግን አብሬው አልሄድም። ሌላ ጊዜ ልቤ ሲባክን እመልሰዋለሁ፤ ያን ዕለት የሚመለስበት ቦታ አልነበረውም። ይቅርታ እየለመንኩ ያለሁት ስለ ልጄ ነው። እግዚአብሔር ደግሞ ዝም ብሎ የኔን የሚጠብቅ መሰለኝ። ሳልጨርስ ተነሣሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን የፎቶ ቤቱን ፎቶ አወረድኩና ወደ እሷ ክፍል ሄድኩ። ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እናትሽ ዓይን አፋር አልነበረችም» አልኳት።

ነገርኳት። እሷ ሰባተኛ ዓመቷን የያዘች ጊዜ ሦስታችንም ፎቶ ቤት መሄዳችንን። የመተኮሻው ቃጠሎ ገና ሮዝ ሆኖ ይላጥ እንደነበር። ፎቶ አንሺው «እጅዎን ልጅቷ ትከሻ ላይ ጣል ያድርጉት» እንዳለሽ፣ አንቺም እንዳደረግሽው። እኔም ያንን እጅ ያዲሱ ቀሚስ ትከሻ ላይ አይቼ፣ ፎቶው ሳሎን እንደሚሰቀል፣ የሥራ ባልደረቦቼ መጥተው እንደሚያዩት አስቤ፣ ወደ ጆሮሽ ጠጋ ብዬ «እጅሽን ደብቂው፤ ፎቶውን ያበላሸዋል» እንዳልኩሽ።

አንቺ አየሽኝ። «እሺ» አልሽ። አልተቆጣሽም፣ አላኮረፍሽም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እጅሽን ካሜራ አላየውም። እስክትሞቺ፣ አሥራ ሰባት ዓመት! እኔም አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ስንት ጊዜ «ይቅር በይኝ» ልል ተነሥቼ «ጨው አቀብይኝ» ብያለሁ።

ልጃችን እጄ ላይ ወዳለው ፎቶ ጎንበስ አለች። በኋላ «ተነጋግራችሁበት ታውቃላችሁ?» አለች።

«አናውቅም።»

ፎቶውን ከእጄ ወሰደች። «ይህን ልጠቀምበት?»

«ለምን ብለሽ?»

«ለማስረጃ።»

ኮምፒውተሯን ከፍታ ጻፈችና ቀስ ብላ አነበበችልኝ። «ምስል 14። ፎቶ አይደለም። ባለቤቷ ከትዝታው በተናገረው ቃል መሠረት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነው። ቀለበቱ የመሣሪያው ጭማሪ ነው። ጠባሳው የነበረው በቀኝ እጇ ላይ ነው፤ ስሕተቱ የተናጋሪው ነው። የመሣሪያው ስም፣ ቀኑና የተሰጠው ትእዛዝ በአባሪ ሐ ይገኛል።» ቀጥላ፦ «ምስል 15። ፎቶ። ይህችው ሴት ከቤተሰቧ ጋር። እጆቿ አይታዩም። እንዲደበቁ የጠየቀው ባለቤቷ ነው።»

ጣቷን የማጥፊያው ቁልፍ ላይ አድርጋ ቀና አለች። «መዝገብ ቤቱም፣ መምህራኑም፣ እነ ሳሙናም ያነቡታል አባዬ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ላጥፋት?»

እውነቱን ልንገርሽ፤ አጥፊያት ልል ነበር። ሠላሳ ዓመት በዚያ ግቢ አንገቴን ደፍቼ ኖሬ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ጨዋ ሰው መባል ነው።

«አታጥፊያት» አልኩ።

አራት ሰዓት ላይ አዲሶቹ ገጾች ታትመው መጡ። ሁለት ሰዓት ቀረኝ። የአምስቱን ቅጂ ገጾች ገጣጥሜ፣ ጠርዙን አስተካክዬ፣ ቀዳዳ ልምታ ወስፌዬን አነሣሁ። ፎቶውን ገጹን ሙሉ አድርጋ አሳድጋው ስለነበር ግራ ጠርዙ ስፌቱ ውስጥ ይገባል። አንቺ ደግሞ የቆምሽው በስተ ግራ ጠርዝ ነው። የወስፌው ጫፍ ሊያርፍ ባለበት ቦታ፣ ከቀሚስሽ እጥፋት ጎን፣ አንድ ነገር አየሁ። መነጽሬን ጠረግኩ።

ሁለት ጣት።

ሃያ ዓመት ግድግዳዬ ላይ ነበሩ። በትንሹ ፎቶ ላይ የጨርቅ ጥላ ይመስላሉ። ሲያድግ ግን ጣት ናቸው፤ የቀኝ እጅሽ አውራ ጣትና አመልካች ጣት፣ ቆዳው የተላጠው። ቀሚስሽን ጭብጥ አድርገሽ ይዘሽዋል። እኔ ደብቂው ብዬሽ ደብቀሽ፣ ሁለቱ ግን ቀርተው።

«ነይ እዪ!» ብዬ ስጮህ ልጃችን የሙጫ ጣሳውን ደፍታ ነው የመጣችው። አየችው። ሰዓቷን አየችው። እንደገና የሚታተምበት ጊዜ የለም። እስክሪብቶ አውጥታ በአምስቱም ቅጂ ላይ፣ «እጆቿ» እና «አይታዩም» በሚሉት መካከል፣ በገዛ እጇ ጽሑፍ «ከሁለት ጣት በቀር» ብላ አስገባች።

እኔ ደግሞ መውጋት አቃተኝ። ወስፌው እዚያ ጣት ላይ ሊያርፍ አይችልም። ስለዚህ በየቅጂው ለዚያ ገጽ ጠባብ ወረቀት ቆረጥኩ፣ በግራ ጠርዙ ለጠፍኩ፣ ስፌቱ ወረቀቱን እንዲይዝና ፎቶውን እንዲተው አደረግኩ። ስፌቱ ያማረ ሆነ፤ ገጹ ግን ከሌሎቹ አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ወጣ። መቁረጫው ያስተካክለው ነበር፤ ግን ከወዲያኛው ጠርዝ የምቆርጠው የራሴን ትከሻ ነው፤ እኔ በዚያ በኩል ነኝ። ልቁረጠው አልኩ፤ ከዚያ ደግሞ ራሴን ቆርጬ ልውጣ እንዴ? አልኩና ተውኩት።

ለስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀር መዝገብ ቤት ደረስን። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ አገላበጠችው።

«ይሄ ምንድን ነው? ምላሱን አውጥቷል እኮ! አንተ ነህ የጠረዝከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሠላሳ ዓመት ጠራዥ ነኝ እያልክ? ለራስህ ልጅ እንዲህ ከጠረዝክማ ለኛ ምን ልትሠራልን ነው!»

ማኅተሙን መታች። ሌላው አልተሰማኝም።

ሰኞ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ሳሙና ከአራት ጓደኞቿ ጋር ከፊቴ ነበረች። ዋና ፈታኟ፣ ሸምገል ያሉ መምህርት፣ ቅጂያቸውን ሲያነሡ ጥራዙ በራሱ እዚያ ገጽ ላይ ተከፈተ። የግርጌውን ጽሑፍ አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደገና አነበቡ።

አስተዳዳሪው ቀደማቸው። «እንግዲህ እንደ ገባኝ፣ አንዱ ምስል በመሣሪያ የተሠራ ነው። ሌላው እጅ የሌለበት ፎቶ ነው። ማስረጃ የላችሁም ማለት ነው።»

«የመጀመሪያው ማስረጃ አይደለም» አለች ልጃችን። «አለመሆኑን ራሴ ጽፌያለሁ። ሁለተኛው ግን ማስረጃ ነው። ይህ እጅ ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ለምን እንዳላያችሁት ይናገራል።»

ሰውየው ብዕሩን ሊያስቀምጥ ሲል ሳሙና ተነሣች። ማንም አልፈቀደላትም።

«ጌታው፣ የጠፋብዎት ፎቶው ነው ወይስ እጁ? እጁ ከሆነ ይኸው» አለች፤ ሁለቱን መዳፎቿን ገልብጣ ከፍ አደረገች። ያቺ ፎቶ አልነሳም ያለች ሴትዮ! ከጎኗ አንዷ ተነሣች። ቆይቶ ሌላዋ። ሁለቱ እጃቸውን ከጭናቸው ላይ አላነሡም፤ አልፈርድባቸውም፤ የምፈርድበት አንደበት የለኝም።

ጽሑፉ አለፈ። ስለ ጓንቱ «እናየዋለን» ነው የተባለው። ሳሙና በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ቢሮው ሄዳ «አዩት?» ብላለች። ሥራዋን እስካሁን አልነኩባትም።

ስንወጣ በር ላይ ያዘችኝ። «አንተ ጠራዥ፣ ደብቂው ያልካት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። በማግሥቱ ገንዳው ላይ ነግራኛለች።»

«ምን አለችሽ?»

«‹ባሌ ትናንት በእጄ አፈረ› አለች። ‹ቤት ስንገባ ግን ቁጭ ብሎ ቅባት ቀባኝ፤ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም› አለች። ሳቀች ደግሞ። ‹ተጸጸተ መሰለኝ፤ አፉ ነው እምቢ ያለው› አለችኝ።»

የልጄ እናት፣ የቀባሁሽን አላስታውስም። እምልልሻለሁ፤ አላስታውስም። ሃያ ዓመት የያዝኩት የደበቅኩሽን ብቻ ነበር። ግራሽን ከቀኝሽ ያምታታ ትዝታዬ ይህንንም በልቶት ይሆናል፤ ወይም ሳሙና አዝናልኝ ጨምራው ይሆናል። ስለዚህ የራሴ አድርጌ አልወስደውም። ቃሉ የሷ መሆኑን ጠቅሼ እዚህ ጽፌዋለሁ፤ እውነቱን አንቺ ታውቂዋለሽ።

እኔ በአፌ ያላልኩትን አሁን ልበል። ይቅር በይኝ። እጅሽ ምንም አላበላሸም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ስድስተኛ ቅጂ ለቤታችን ጠርዤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ያቺ ገጽ ከእሱም ወጣ ብላለች፤ በሕይወት እስካለሁ መቁረጫ አይነካትም። ከሰኞ ወዲህ ደግሞ ወንበር ቀይሬያለሁ፤ ባንቺ ወንበር ነው የምበላው። ልጃችን ገብታ አየችኝና ሳህኗን አንሥታ በኔ ቦታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ከዚህ በኩል መስኮቱ የት እንደሆነ፣ በሩ በየትኛው እጅ እንደሚከፈት እንደ አዲስ እየተማርኩ ነው።

እስክንገናኝ፣
ያንቺው ጠራዥ